ያልቆረጥኩት ግማሽ

ሁለቱ ሴቶች በሬን ያንኳኩት ገና ሲነጋጋ ነበር። ጅግጅጋ ውስጥ እንደ እኔ ከደቡብ መጥተው በሥራ የሚኖሩ፣ እሁድ እሁድ አብረን የምናመልክ እህቶች ናቸው፤ በሥራ ቀን በዚያ ሰዓት የሰው በር አይመቱም። ሻይ ልጣድ ብዬ ዞር ስል አንደኛዋ እጄን ያዘችና "ተይው፣ መጀመሪያ ቁጭ በይ" አለችኝ። ቁጭ በይ ከተባለ በኋላ ምን እንደሚከተል አገራችን ያደገ ሰው ሁሉ ያውቃል። እንደቆምኩ "አባዬ ነው?" አልኩ። ሁለቱም ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳብ አደረጉ።

ረፋዱ ላይ ታናሽ እህቴን ማርታን በስልክ አገኘኋት። አባዬ አርፎ፣ ተቀብሮ፣ ሰው አፈር አራግፎ ከተመለሰ በኋላ ነበር መርዶው እኔ ዘንድ የደረሰው። መንገዱ ሩቅ ነው፤ ብቻዬን ሆኜ እንዳልሰማም ፈርተዋል። ማርታ ድምጿ ተዘግቶ ነበር። "አልተሠቃየም እትዬ፣ እውነቴን ነው" አለችኝ። "ብቻ እጁ አላርፍ አለ። ቀኝ እጁ። የጋቢውን ክር ይዞ በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ ሲያሽ፣ ሲያሽ፣ ሲያሽ። አጎታችን ጭንቀት ነው ብሎ ሊይዝለት ቢሞክር ቀማው።" ግራ እጁስ አልኳት። "ግራውማ ዝም ብሎ ተዘርግቶ ነበር። መዳፉ ወደ ላይ።"

ያን ጊዜ ለቅሶዬ ቀጥ አለ። ሴቶቹ ራሴን የሳትኩ መስሏቸው ውሃ አመጡልኝ። ራሴን አልሳትኩም ነበር። ያ እጅ ምን ይሠራ እንደነበር የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ አንዷ እማዬ ነበረች፣ ቀድማው ሄዳለች። ሌላዋ እኔ ነኝ። እኔ ደግሞ እዚያ አልነበርኩም።

"አልነበርኩም" የምትለው ቃል ልጅ ሆኜም አስጨንቃኝ ታውቃለች። ይህን የምጽፈው በእኔ ዕድሜ ላላችሁ፣ በዚያው ተራራ ላይ ላደጋችሁ፣ የዚያን ዘመን ጠዋት ለምታስታውሱ ነው።

ኦቾሎ ከአርባ ምንጭ በላይ፣ ተራራ ጠርዝ ላይ የተቀመጠች መንደር ናት። ጠዋት ጉሙ ከእግራችን በታች ይተኛል፤ ሲገለጥ መጀመሪያ የላንቴ የሙዝ ማሳ ብቅ ይላል፣ ቀጥሎ አባያ ሐይቅ እንደ ተበጠበጠ ሸክላ ቀልቶ ይዘረጋል። ሰኞ ማክሰኞ የምንጫወተው ለጥ ያለው ድንጋይ ላይ ነበር። ወንዶቹ የጨርቅ ኳሳቸው ከጠርዙ ካመለጠች "ላንቴ ወረደች" ይሉና ሌላ መስፋት ይጀምራሉ፤ ወርዶ የሚያመጣት አልነበረም። ስልክ የሚባል ነገር መንደራችን አልደረሰም። ዜና ከገበያ በሚመለስ ሰው እግር ነው የሚመጣው፤ ዳገቱን እስኪወጣ ግማሹን ይረሳዋል፣ ሌላ ግማሽ ይጨምርበታል።

አባዬ ሸማኔ ነበር። ቤታችን ስትገቡ በስተቀኝ ጉድጓዱ አለ፤ እግሩን እዚያ ከትቶ ይቀመጣል፣ መወርወሪያዋ ከግራ ወደ ቀኝ ስትመላለስ ድምጿ የቤታችን ልብ ምት ነበር። ቤቱ የጥጥና የእንሰት ቅጠል ሽታ አለው። ሰው መጥቶ "ድር ቢያብር አንበሳ ያስር" ብሎ ሲተርትበት አባዬ ራሱን ሳያነሣ "አንበሳውን ተወው፤ ድር ቢያብር ጋቢ ይወጣዋል" ይል ነበር። እኛ ሴቶች ግን ከጥጡ ጋር ያለን ዝምድና ልቃቂቱ ላይ ያልቃል። እንፈትላለን፣ እናስረክባለን። ከዚያ ወዲያ ያለው የወንድ ነው። ሴት ልጅ ጉድጓዱን መሻገር፣ ሸማ መሥሪያውን መንካት ነውር ነበር፤ ድሩ ይበጣጠሳል ይባላል። ስለዚህ የሸማኔ ልጅ ሆኜ፣ በመወርወሪያ ድምፅ ተኝቼ ተነሥቼ፣ ሥራው ከቅርብ ምን እንደሚመስል አላውቅም ነበር። ለጥፋቴ ምክንያቱ ይህ ነው።

አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር። በዚያ ዓመት ቅዳሜ ቅዳሜ ጸሎት ቤት የጥምቀት ትምህርት እንማራለን። ወንጌላዊ ዛፉ ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲያስተምሩ በጣታቸው አየሩን የሚወጉ ሰው ነበሩ። ጥያቄና መልሱን በቃል አስጠንተውናል። "ከክርስቶስ ጋር አንድ መሆን ማለት ምንድን ነው?" ሲሉ በአንድ ድምፅ "በእምነት ከእርሱ ጋር ተባብሬአለሁ፤ ሞቱ ሞቴ ነው፣ መቃብሩ መቃብሬ ነው፣ ትንሣኤው ትንሣኤዬ ነው" እንላለን። እኔ መልሱን ከማንም አስቀድሜ ነው ያጠናሁት። አንድ ቀን ግን አፌ አምልጦኝ "እኔ እኮ ያኔ አልነበርኩም" አልኩ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ከኋላ አንዷ "አንቺማ ባለፈው ሐሙስ ገበያም አልነበርሽም!" ብላ ጨመረችበት። ወንጌላዊው አልሳቁም። ወደ እኔ ዞሩና "ጸልዪበት ልጄ፣ ይገባሻል" ብለው ወደሚቀጥለው ጥያቄ ሄዱ። ጸለይኩበት። አልገባኝም። እንዴት ነው እኔ ሳልኖር የሞትኩት? ሌላው ሰው በሄደበት መንገድ እኔ እንዴት ደረስኩ እባላለሁ?

ትምህርቱ ሲያልቅ ሽማግሌዎቹ ቤት ለቤት እየዞሩ፣ ወላጆች በተቀመጡበት፣ ተጠማቂውን ይጠይቃሉ። የቤተሰብ ምስክርነት ይሰማሉ። ያላለፈ ለሚቀጥለው ዓመት ይቆያል፤ ጓደኞቹ በነጭ ልብስ ወደ ወንዙ ሲወርዱ እርሱ ከላይ ሆኖ ያያል። ወደ እኛ ቤት የሚመጡት ሐሙስ ጠዋት፣ ጥምቀቱ እሁድ ነበር። ረቡዕ ዕለት አባዬ የጨረሰውን ጋቢ ቆርጦ ይዞ ወደ አርባ ምንጭ ወረደ፣ እማዬ ማርታን አዝላ ውሃ ሄደች። እኔ ቤቱን ላሳምር ተነሣሁ። ጠረግሁ፣ ወለሉን በእበት ለቀለቅሁ፣ የመደቡን ቁርበት አራገፍኩ። ዞር ስል ሸማ መሥሪያው ላይ ዓይኔ አረፈ።

ጋቢው ተቆርጦ ሲወሰድ ጫፍ ጫፉ እዚያው ቀርቷል፤ በትንንሾቹ የክር ዓይኖች አልፎ፣ እንደ ማበጠሪያ በተደረደሩት የሸምበቆ ጥርሶች መካከል ወጥቶ፣ የተንጨባረረ የአሮጊት ጸጉር መስሎ ተንጠልጥሏል። ቆሻሻ ነው ብዬ አሰብኩ። ሽማግሌዎች በሚገቡበት ቤት ይህ ተንጠልጥሎ ይታያል? መንካት ነውር መሆኑ ትዝ አለኝ፤ ማጽዳት ግን መንካት አይባልም ብዬ ራሴን አሳመንኩ። የአባዬን ምላጭ አነሣሁና ከቀኝ በኩል ጀመርኩ። ቆረጥኩ፣ ከማበጠሪያ ላይ ጸጉር እንደሚለቀም ቅሪቱን ከየዓይኑ መዝዤ አወጣሁ። ልክ ግማሽ ስደርስ የእማዬን ድምፅ ከውጭ ሰማሁ። የሰበሰብኩትን እሳት ውስጥ ጣልኩት። ጥጥ ሲቃጠል የሚሸት ነገር አለው፤ ዛሬም ጨርቅ ሲነድ ከሸተተኝ ካለሁበት ተነሥቼ እወጣለሁ።

አባዬ ማታ ላይ እንደ ነጭ ሹሩባ የተጎነጎነ አዲስ ድር በትከሻው አድርጎ ገባ። ሊያስቀምጠው ጎንበስ አለና እንዳጎነበሰ ቀረ። ሲቆጣ አይጮህም፤ ድምፁ ይቀንሳል። "ይህን ማን ነካው?" አለ። እማዬ መጥታ አየችና እጇን በአፏ ላይ አደረገች፤ ያን ጊዜ ነው ትልቅ ነገር መሆኑን ያወቅሁት። እማዬ ወዲያው ጥፋተኛ አገኘች። የጎረቤታችን የእማማ ሻሼ ፍየል ቤት ውስጥ ገብታ ቁርበት የምታኝክ፣ አንዴም የእኔን ደብተር እስከ ገጽ ሃያ የጨረሰች ናት። እማማ ሻሼ ተጠርተው መጡ፣ ነገሩን ሰሙ፣ ተናደዱ። "የኔ ፍየል? ክር? የኔ ፍየል ጨዋ ናት!" ብለው ጮኹ። "እናንተ ጸሎት ቤት ስትውሉ በራችሁን ክፍት ትታችሁ፣ የማርያም ፍየል ትወቀስ?" ግን እርሳቸውም በልባቸው አላመኗትም መሰለኝ፣ ሄደው በአጭር ገመድ ካስማ ላይ አሰሯት። እኔ መደብ ላይ ተቀምጬ ቆጮዬን እያላመጥኩ ዝም አልኩ።

ጠዋት ወንጌላዊ ዛፉና ሁለት ሽማግሌዎች መጡ። ጠየቁኝ፣ መለስኩ። አንድም ቃል አልሳትኩም። ሽማግሌዎቹ ተያይተው ፈገግ አሉ፣ እማዬ ዓይኗን ጠረገች። ወንጌላዊው የመጨረሻውን ጠየቁኝ። "በእምነት ከእርሱ ጋር ተባብሬአለሁ፤ ሞቱ ሞቴ ነው፣ መቃብሩ..." ስል ፍየሏ ከውጭ ጮኸች። በአጭር ገመድ የታሰረ ፍየል ጩኸት ታውቃላችሁ፤ ሰው ይመስላል። ድጋሚ ጮኸች። "እርሷ አይደለችም!" ብዬ ለቅሶዬን ለቀቅሁት። ሽማግሌዎቹ ግራ ገባቸው። "ማን ናት እርሷ?" አሉ አንደኛው፤ "ማርያም መግደላዊት ናት?" አሉ ሌላኛው በሹክሹክታ፣ ከትምህርቱ የትኛው ክፍል እንደሆነ ጠፍቷቸው። "ፍየሏ! ፍየሏ አይደለችም። ክሩን የቆረጥኩት እኔ ነኝ። ከእርሱ ጋር አልተባበርኩም፣ እኔ ራሴ ተቆርጫለሁ። አልጠመቅም።"

ወንጌላዊ ዛፉ ጢማቸውን ዳበስ ዳበስ አድርገው "ይህ እንግዲህ በትምህርቱ ውስጥ የለም" አሉና ወደ አባዬ ዞሩ። "እርስዎ ምን ይላሉ?" አባዬ የመለሰው በጋሞኛ ነበር፤ ወደ አማርኛ ስመልሰው ትንሽ ይቀዘቅዝብኛል። "እስከ ቅዳሜ ከእኔ ጋር ትሥራ። ቅዳሜ ማታ እኔ ራሴ መጥቼ እነግራችኋለሁ" አለ። መጀመሪያ ግን እማማ ሻሼ ዘንድ ላከኝ። እማማ ሻሼ ሁሉንም በጽሞና ሰምተው ሲያበቁ "እኔን አይደለም፣ እርሷን ጠይቂ" አሉኝ። የእንሰት ቅጠል ይዤ ፍየሏ ፊት ቆሜ ይቅርታ ጠየቅሁ። ቅጠሉን ተቀበለችኝ።

ዓርብ ጠዋት አባዬ ጉድጓዱ ጠርዝ ላይ ቁርበት አነጠፈልኝ። እማዬ ደነገጠች። "ሴት ልጅ? ድሩ ይበጣጠሳል እኮ!" አባዬ ባዶውን ግማሽ እያሳያት "ከዚህ በላይ ምን ይበጣጠሳል?" አላት። ከዚያ አስረዳኝ። ሸማኔ ጋቢውን ሲቆርጥ ያን ጫፍ የሚተወው ረስቶት አይደለም። አዲሱ ድር በየዓይኑ፣ በየጥርሱ ማለፍ አለበት፤ ብዙ መቶ ክር ነው። በጫፉ ላይ ካልተቀጠለ አንድ በአንድ በእጅ መግባት አለበት። እኔ ያጸዳሁት መንገዱን ነበር። "ዓይኔ ደክሟል፤ ያንቺ ደህና ነው። ባዶ ያደረግሽውን ግማሽ አንቺ ታስገቢዋለሽ" አለኝ። ቁጣ አልነበረበትም። ቁጣ ቢኖርበት ይቀለኝ ነበር።

ክሩን በምራቄ አሹዬ ወደ ዓይኑ ስወስደው ይታጠፋል። ደግሜ ሳሾለው ይተረተራል። ሲገባ የጎረቤቱ ዓይን ውስጥ ገብቶ ይገኛል። ሁለቱ በአንድ ዓይን ከገቡ ደግሞ ከዚያ ወዲህ ያለው ሁሉ ወጥቶ እንደገና ነው። አባዬ ሲያይ በጣቱ ያሳየኛል፣ አውጥቼ እንደገና እጀምራለሁ። ማርታ እየዳኸች መጥታ ክሩን ትይዝብኛለች። ዓርብ ሙሉ ቀን ሠርቼ ያስገባሁት ከአንድ መዳፍ ስፋት አይበልጥም ነበር። አንገቴ ደረቀ፣ ዓይኔ አለቀሰ። ወደ ማታ "መቼም አያልቅም" አልኩ። "አያልቅም" አለ እርሱም፣ በቀላሉ። ቅዳሜም ከንጋት ጀመርኩ። እርሱም ከጎኔ ጎንበስ ብሎ በደከመ ዓይኑ ያግዘኝ ነበር፤ ከሰዓት በኋላ ያን ግማሽ እንደምንም ጨረስን። ያም ሆኖ ሦስት ቦታ ተሳስቼ ነበር፤ ያ ጋቢ በቀኝ በኩል ሦስት ቀጫጭን መስመር እንዳለበት ተሸመነ።

ከዚያ ወደ ግራው ዞርን፣ እኔ ወዳልቆረጥኩት ግማሽ። "አሁን ጫፉን ያዢልኝ" አለኝ። ሥራዬ ይህ ብቻ ነበር፤ የአሮጌውን ክር ጫፍ አጥብቄ መያዝ። እርሱ አዲሱን ክር አምጥቶ በላዩ ላይ ያስተኛዋል፣ ጣቱን አመድ ያስነካል፣ በቀኝ እጁ አውራ ጣትና ሌባ ጣት አንዴ ያሻታል፤ ሁለቱ አንድ ይሆናሉ። ያዢ፣ ያሻል። ያዢ፣ ያሻል። ፀሐይ ከበሩ ወደ ውስጥ ገብታ እግሬ ላይ ስትደርስ ጨርሰናል።

አባዬ ተነሥቶ ወደ ፊት ዞረ፣ የአሮጌውን ክር ሌላኛውን ጫፍ በእቅፉ ሰብስቦ ያዘ፣ ቀስ አድርጎ ወደ ራሱ ሳበ። ያየሁትን እስከ ዛሬ በልኩ መናገር አልቻልኩም። ትንንሾቹ ቋጠሮዎች ሁሉ በአንድ ጊዜ ተንቀሳቀሱ። አሮጌው ክር ቀደመ፣ አዲሱ ተከተለ፤ በየዓይኑ፣ በየጥርሱ፣ አንዱ ሳይሳሳት፣ አንዱ መንገድ ሳይጠይቅ። እኔ ሁለት ቀን ያለቀስኩበት ነገር እስትንፋሴን ይዤ ሳልለቅ አለቀ። የመጨረሻዋ ቋጠሮ በሸምበቆው ጥርስ መካከል ብቅ ስትል አባዬ ሁልጊዜ እንደሚለው፣ እኔ ግን ከሩቅ ብቻ እሰማው እንደነበረው፣ "ደረሰች!" አለ።

"አባዬ፣ እነዚህ መንገዱን መቼ አወቁት?" አልኩት። ሳቀ። "አላወቁትም። ካወቀው ጋር ተያያዙ እንጂ።" ከዚያ እንደ መቀለድ "ወንጌላዊውን አልነበርኩም ብለሽ ያስጨነቅሻቸው ልጅ አንቺ አይደለሽም?" አለኝ። ሰምቶ ኖሯል። ክሩን በመዳፉ ላይ አስቀመጠና "እነዚህን ዓይኖች መጀመሪያ አንድ በአንድ ያሳለፍኩት አንቺ ሳትወለጂ ነው። አንድ ሳምንት ለፋሁ። ይህቺ ክር ያን ጊዜ ክር አይደለችም፣ ጥጥም አይደለች፤ ፍሬዋ አልተዘራም። አልነበረችም። አሁን ግን ያ ያለፈበት ሁሉ እርሷ ያለፈችበት ሆነ" አለኝ። እምነትስ የቱ ነው አልኩት፣ ጥያቄና መልስ የለመደ ልጅ ነኝና። አሰበ። ቋጠሮዋን በጥፍሩ ነካ። "ይቺ ትመስለኛለች። ትንሽ ናት አይደል? የምትጎትተው እርሷ አይደለችም። የሚጎትተው ቀዳሚው ነው። እርሷ ተያይዛለች፣ በቃ።" ዓይኔ ወደ ቀኙ፣ ወደ ቆረጥኩት በኩል ሲሄድ አየኝ። ምሳሌ እንደ ልጅ ልብስ ነው፣ የሆነ ቦታ ላይ ያጥራል አለኝ። "የእኔ ድር ይቆረጣል። የክርስቶስን የሚቆርጥ ምላጭ ግን አልተሠራም። ሲዖልም ሞክራዋለች።"

ቅዳሜ ማታ አባዬ ሽማግሌዎቹ ዘንድ ሄደ። ምን እንዳላቸው አላውቅም። ሲመለስ እማዬን "ነጩን ቀሚሷን እጠቢላት" ብቻ አላት።

እሁድ በጨለማ ተነሥተን ወረድን። የላንቴዎቹ ከመንገድ ተቀላቀሉን፤ መዝሙሩ ከሙዙ ማሳ ውስጥ ይመጣል፣ ሰዉ አይታይም። ኩልፎ ወንዝ ዳር ስንደርስ ውሃው ቀዝቃዛ፣ ደለል የቀላቀለ ነበር። እማማ ሻሼም መጥተዋል፤ የማርያም ሰው ምን ያደርጋሉ እዚህ ሲሏቸው "የፍየሌን ስም ያጠፋችው ልጅ ስትታጠብ ላያት ነው" አሉ። ተራዬ ደረሰ፣ ገባሁ። ወንጌላዊው ጠየቁኝ፣ ያን መልስ መለስኩ፤ በዚያ ዕለት ግን በአፌ ውስጥ ክብደት ነበረው። ወደ ኋላ ሲያስተኙኝ ውሃው ጆሮዬ ላይ ዘጋ፣ ጨለመ። አልፈራሁም። አንድ ሌላ ሰው በዚህ ጨለማ ከእኔ በፊት አልፏል፣ እኔም ከእርሱ ጋር ተያይዣለሁ፣ የማልፈው ዐውቄው አይደለም የሚል ነገር ሰውነቴን ሁሉ ሞላው። ከዚያ ብርሃን። ውሃው ከፊቴ ሳይወርድ፣ ገና ማንም ሃሌ ሉያ ሳይል፣ ከወንዙ ዳር የአባዬ ድምፅ መጣ፤ "ደረሰች!" ሰዉ ሳቀ። ሸማኔነቱን እዚህም አልተወም አሉ። እኔና እርሱ ግን አልሳቅንም። ውሃ ውስጥ ሆኜ አየሁት፤ ያለቅስ ነበር።

ዛሬ ያ ሁሉ ሩቅ ነው። አሁን የምለብሰው ከፋብሪካ የወጣ ነው፣ ክሩ ማን ጣት ውስጥ እንዳለፈ አይታወቅም። ዜና ዳገት አይወጣም፤ ኪሴ ውስጥ ሆኖ ይንጫጫል፣ ትልቁ ዜና ግን ከሁሉ ዘግይቶ ደረሰኝ። እምነቴም ያን ዕለት ኩልፎ ውስጥ እንደነበረው ሁልጊዜ አይሞቅም። በዚህ በደረቅ አገር ጸልዬ ምንም የማይሰማኝ ጠዋት አለ፤ ያን ጊዜ ክሯ መጎተቷ ይሰማት ነበር ወይ ብዬ ራሴን እጠይቃለሁ። አይሰማትም። ቢሆንም ትሄዳለች። ልጅ ሳለሁ ያስደነቀኝ እኔ ሳልኖር እዚያ መኖሬ ነበር፤ አሁን የሚያስደንቀኝ ይህን ያህል ዘመን ቋጠሮዋ አለመላቀቋ ነው።

እናም እዚያ የነበራችሁ፣ ማርታ፣ አጎቴ፣ አልጋው አጠገብ የተቀመጣችሁ ሁሉ፣ የምለምናችሁ ነገር አለኝ። የምታሸው ቀኝ እጁ ብቻ ነበረች ብላችሁኛል። ክር በአንድ እጅ አይቀጠልም፤ ሌላውን ጫፍ የሚይዝ ሰው ያስፈልጋል፣ እኔ ደግሞ አልነበርኩም። ምናልባት አጎቴ እንዳለው ጭንቀት ብቻ ይሆናል፤ ካልሆነ ግን ጫፉን የያዘለት ማን እንደሆነ አውቃለሁ። ብቻ ጣቱ ባረፈበት ሰዓት ከአፉ የወጣች አንዲት ቃል፣ ሹክሹክታም ብትሆን፣ የሰማ ካለ ይጻፍልኝ። እኔ ምን ቃል እንደምጠብቅ ከላይ አንብባችኋል፤ እኔን ለማስደሰት ብላችሁ ግን እንዳትጨምሩ። ካልሰማችሁ አልሰማንም በሉኝ፣ ይበቃኛል።

አንድ ነገር ደግሞ። ማርታ፣ ለእንግዳ ቤቱን ልናጸዳዳ ነው ብለሽኛል። ሸማ መሥሪያው ላይ፣ አባዬ የመጨረሻውን ጋቢ ከቆረጠበት፣ የተንጨባረረ ጫፍ ተንጠልጥሎ ታገኛላችሁ። ቆሻሻ ይመስላል፤ እንደሚመስል ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። እስክመጣ ድረስ፣ እባካችሁ፣ አትቁረጡት።